ሌዚ ብዬው ለምን ይነሳል?

ሰላም ነው ቤተሰብ። የዚህን ወር ጥያቄዎች ያነበብኳቸው ቸርችል ጎዳና አፋፉ ላይ ካለ ካፌ በረንዳ ተቀምጬ ነው፣ ዝናብ ይዞኝ ሁለት ማኪያቶ አስጠጥቶኛል፣ ላፕቶፑም ቻርጁ ሊያልቅ ሲል ነው ያበቃሁት። ከመጡት ውስጥ አራቱ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ስለሚገናኙ ዛሬ ሌላውን ትቼ እነሱን ብቻ ላንሳ፦ ስፕሪንግ (የጃቫ ፕሮግራምን ክፍሎች ፈጥሮ የሚያገጣጥመው ፍሬምወርክ) ላይ ኦብጀክትን ከኤክስኤምኤል ፋይል መፍጠር፣ ለኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሮጠው ኮድ) አርጊውመንት መስጠትና ሌዚ ፕሮክሲ የሚባለው ነገር። ቢን የምንለው ስፕሪንግ የሚፈጥረውን ኦብጀክት ነው፣ ኮንቴይነር ፈጥሮ የሚይዘውን የስፕሪንግ ክፍል፣ ሌዚ ደግሞ እስኪፈለግ የማይፈጠረውን። የሞባይል አፕ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ጠብቁኝ። ታጎቹን አፋችን ላይ እንዳሉት ነው የምጽፋቸው፣ ኪቦርዱ ላይ ስትቀመጡ ታውቋቸዋላችሁ።

«ጋሼ ሰላም። ካዛንቺስ አካባቢ ነው የምሰራው፣ ከለቀቀ ልጅ የወረስኩት የጃቫ ሲስተም አለ፣ ሁሉም ነገር ኤክስኤምኤል ላይ ነው፣ ወደ ሁለት መቶ ቢን አለው። ሪስታርት ሲደረግ ለመነሳት አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ደግሞ ስልኩ እኔ ጋ ነው የሚደወለው። ሎጉን ሳይ ጊዜውን የሚበላው የሪፖርት ኢንጂኑ ነው፣ ገና ሲፈጠር ያሉትን ቴምፕሌቶች በሙሉ አንብቦ ኮምፓይል ያደርጋል። ሪፖርት የሚያወጣው ሰው በቀን አንዴ ቢያወጣ ነው። ስለዚ ቢኑ ላይ ሌዚ-ኢኒት ትሩ አልኩት። ምንም ለውጥ የለም፣ ያው አራት ደቂቃ! ፋይሉን ሶስቴ አየሁት፣ ትክክል ነው። ምን አጠፋሁ?»
ሌዚው፣ ከካዛንቺስ

ምንም አላጠፋህም ወንድሜ፣ ፋይሉን አራተኛ ጊዜ አትየው። ያልከው ቢን ተኝቶ ነበር፣ ሌላ ሰው እየቀሰቀሰው ነው።

ስፕሪንግ ሲነሳ ፋይሉ ላይ ያሉትን ሲንግልተን (አንዴ ተፈጥረው ሁሉም የሚጋራቸው) ቢኖች በሙሉ፣ ሌዚ ከተባሉት በስተቀር፣ ገና ከመጀመሪያው ፈጥሮ ያስቀምጣቸዋል። ዲፎልቱ እንደዛ የሆነው በምክንያት ነው፣ ስህተት ካለ ሰርቨሩ ሲነሳ አንተ እያየኸው ይፈንዳ ነው ሀሳቡ። ሌዚ-ኢኒት ትሩ ስትለው «ዝርዝሩ ላይ ስላለ ብቻ አትፍጠረው፣ የሚፈልገው ሲመጣ ፍጠረው» ማለትህ ነው እንጂ «እስክነግርህ እንዳትነካው» ማለትህ አይደለም። አሁን የሪፖርት ኢንጂኑን አይዲ ፋይሎቹ ውስጥ ፈልገው። አንድ የሆነ ሰርቪስ ቢን ውስጥ ኮንስትራክተር-አርግ ተብሎ ሬፍ (ሌላ ቢን የሚጠቁመው አትሪቢውት) ላይ ስሙ ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ ያ ሰርቪስ ደግሞ ሌዚ አይደለም።

ከስታዲየም ወደ ፒያሳ የሚጭን ታክሲ አስብ። ወያላው ወንበሩ ካልሞላ በሩን አይዘጋም፣ ሾፌሩም አይነሳም። ኮንስትራክተር እንደሱ ነው፣ የጠየቀው አርጊውመንት በሙሉ ካልገባለት ኦብጀክቱ አይፈጠርም። ኮንቴይነሩ ሰርቪሱን ሊፈጥር ሲመጣ አንዱ ወንበር ላይ «ሪፖርት ኢንጂን» የሚል ያያል፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ በሩን አንኳኩቶ በፒጃማው አምጥቶ ያስቀምጠዋል። ሌዚ ብለህ የለጠፍክበትን ወረቀት ሳያነበው ቀርቶ አይደለም፣ ተሳፋሪው ስለጎደለ ነው። ዲፔንድስ-ኦን («ከኔ በፊት እሱ ይፈጠር» የሚለው አትሪቢውት) ላይ ስሙ ካለም ያው ነው።

ሰርቪሱንም ሌዚ ላድርገው ካልክ ይቻላል፣ ግን ሰርቪሱን የያዘው ሌላ ቢን አለ፣ እሱንም የያዘ አለ፣ እንዲህ እንዲህ እያልክ ስትወጣ ግማሹን ፋይል ሌዚ አድርገህ ታርፈዋለህ። የሚሻለው ታክሲው ውስጥ ጃኬት ማስቀመጥ ነው። «ሰው አለው» ብለህ ጃኬትህን ወንበሩ ላይ ትጥላለህ፣ ወያላው ሞላ ይላል፣ መኪናው ይነሳል፣ ሰውየው መንገድ ላይ ይገባል። ጃኬቱ ነው እንግዲህ ሌዚ ፕሮክሲ የሚባለው፣ ከውጭ ሲታይ ሪፖርት ኢንጂኑን የሚመስል፣ ያው ሜተዶች ያሉት፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ኦብጀክት። አንድ ሰው ሜተድ የጠራበት ቀን ያኔ ሄዶ እውነተኛውን ያስፈጥራል፣ ከዛ በኋላ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ለሱ ያቀብላል።

አኖቴሽን (ጃቫ ኮዱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ለሚጠቀሙት ይሄ ቀላል ነው፣ ከስፕሪንግ 4.0 ጀምሮ ኮንስትራክተሩ ፓራሜትር ላይ አት-ሌዚ ብለው ይጽፋሉ አለቀ። ኤክስኤምኤል ላይ ግን ኮንስትራክተር-አርግ የሚለው ታግ ሌዚ የሚል አትሪቢውት የለውም፣ ስለዚህ ጃኬቱን ራስህ ነህ የምትሰፋው። የሪፖርት ኢንጂኑን አይዲ ቀይረህ ሪፖርትኢንጂንታርጌት በለው፣ ሌዚ-ኢኒት ትሩው እዛው ይቆይ፣ ያሉት ኮንስትራክተር-አርጎችም አይነኩ። በድሮው አይዲ ደግሞ አዲስ ቢን ክፈት፣ ክላሱ የስፕሪንጉ ፕሮክሲፋክቶሪቢን ይሁን። ውስጡ ታርጌትሶርስ የሚል ፕሮፐርቲ ታስገባለህ፣ እሱ ውስጥ ሌዚኢኒትታርጌትሶርስ የሚባለውን ክላስ እንደ ቢን ታስቀምጣለህ፣ ለሱ ታርጌትቢንኔም ብለህ ሪፖርትኢንጂንታርጌት የሚለውን ስም ትሰጠዋለህ። በቃ። ሰርቪሱ የሚያውቀው የድሮውን አይዲ ስለሆነ እሱ ጋ ምንም አትነካም።

እዚህ ጋ ሰው ሁሌ የሚሳሳተው ስሙን በሬፍ መስጠት ነው። በቫልዩ ወይ በአይዲሬፍ (የቢኑን ስም ብቻ የሚሰጥ ታግ) ነው የሚሰጠው፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ስም ነው፣ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ። ሬፍ ካልከው ኮንቴይነሩ ኦብጀክቱን ራሱን ፈጥሮ ያመጣና ስትሪንግ ቦታ ላይ አልገባ ሲለው ይጮህብሃል፣ ያውም አራቱን ደቂቃ ከበላ በኋላ። ሁለተኛው፣ ታርጌቱ ላይ ሌዚ-ኢኒቱን መርሳት ነው፣ ያኔ ፕሮክሲው አርፎ ተቀምጦ ኮንቴይነሩ በተራው መጥቶ ታርጌቱን ይፈጥረዋል፣ ልፋቱ ሁሉ ለጃኬቱ ብቻ ይሆናል።

ሌላው፣ ሰርቪሱ ኮንስትራክተር ላይ የሚጠብቀው ኢንተርፌስ (የሜተዶች ዝርዝር ብቻ) ነው ወይስ ክላስ? ጃቫ ራሱ ከ1.3 ጀምሮ የያዘው ፕሮክሲ ኢንተርፌስ ብቻ ነው የሚያስመስለው። የሪፖርት ኢንጂንህ አንድ ኢንተርፌስ ኢምፕሊመንት ካደረገ ስፕሪንግ በዲፎልት በዛ ይሰራልሃል፣ ሰርቪሱ ግን ክላሱን ራሱን ከጠየቀ አይነቱ አልገጠመም ይልሃል። ያኔ ፕሮክሲፋክቶሪቢኑ ላይ ፕሮክሲታርጌትክላስ ትሩ በለው፣ ሲጂሊብ በሚባለው መንገድ የክላስህን ልጅ ይወልድልሃል። ለሱ ክላሱ ፋይናል (ልጅ እንዳይወልድ የተከለከለ) መሆን የለበትም።

አሁን ይሄን ሁሉ ከነገርኩህ በኋላ የልቤን ልንገርህ። አራቱ ደቂቃ የትም አልሄደም፣ ጠዋት መጀመሪያ ሪፖርት የምታወጣዋ ሴትዮ ላይ ነው የወደቀው። ብራውዘሯ ይጠብቃል ይጠብቃል ከዛ ታይምአውት ይላታል፣ እንደገና ትጫናለች፣ ሁለተኛው ጥሪም መጀመሪያው እስኪያልቅ ተሰልፎ ይቆማል፣ ከዛ አንተ ጋ ትደውላለች። ስለዚህ ሰርቨሩ ከተነሳ በኋላ በጎን አንድ ትሬድ ከፍተህ ፕሮክሲውን አንዴ ጥራው፣ ሰው ሳይመጣ ይሙቅ። ከዛም የሚሻለው ግን ኮንስትራክተሩን ራሱን መጠየቅ ነው፣ ኮንስትራክተር ውስጥ ምን ሊሰራ ነው መቶ ቴምፕሌት ኮምፓይል የሚያደርገው? ኮንስትራክተር የተሰጠውን ተቀብሎ ፊልድ ላይ አስቀምጦ ይውጣ፣ ቴምፕሌቱ በተጠራ ጊዜ አንድ በአንድ ይዘጋጅ። ኮዱን መንካት የማትችል ከሆነ፣ የገዛችሁት ጃር ከሆነ፣ ያኔ ፕሮክሲው።

እና እባክህ «በቃ ሁሉንም ሌዚ ላድርገው» እንዳትል። እኔ ብዬ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን የማልጠራው ድርጅት ውስጥ፣ ቢንስ የሚለው የላይኛው ታግ ላይ ዲፎልት-ሌዚ-ኢኒት ትሩ ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ሶስት ደቂቃ የነበረው ወደ አስራ ምናምን ሰከንድ ወረደ፣ አለቃዬ ጥብስ ጋበዘኝ። ወራት አለፉ። ሰኔ 30 ማታ የሂሳብ ክፍል ሰዎች በጀት ዓመቱን ሊዘጉ ቁጭ ብለዋል፣ የዓመት መዝጊያውን ሪፖርት ሲጫኑት ኤክሴፕሽን። ያ ቢን በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ኮንስትራክተር-አርጉ ላይ የተጻፈው የፎልደር መንገድ ደግሞ መጋቢት ላይ የጣልነው ሰርቨር ነው። ሌዚ ባይሆን ኖሮ ሰርቨር የቀየርን ቀን ጠዋት ነበር የሚጮኸው፣ እኛም በአምስት ደቂቃ አስተካክለን ቡና እንጠጣ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ታክሲ አጥቼ በእግሬ ስሄድ ጥብሱን አስታወስኩት።

ሌዚ የምታበዛ ከሆነ ቢያንስ አንድ ቴስት ጻፍ፣ ኤክስኤምኤሉን ጭኖ የቢኖቹን ስም ዝርዝር ከኮንቴይነሩ ተቀብሎ እያንዳንዱን ጌትቢን የሚል፣ አብስትራክት የተባሉትን እየዘለለ። አስር መስመር አይሞላም። የኔን ሰኔ 30 ያስቀረው ነበር።

«ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ፒያሳ ነው ቢሯችን። የኢትዮጵያ ቀን የሚይዝ የራሳችን ክላስ አለን፣ ኮንስትራክተሩ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ሶስት ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ይቀበላል። ኤክስኤምኤል ላይ የበጀት ዓመት መጀመሪያ ብለን 2017፣ 11፣ 1 ሰጥተነዋል፣ ሐምሌ 1 ማለታችን ነው። ሲሰራ ኖሮ በቀደም የ2018 በጀት ሪፖርት ከመስከረም 11 2017 መቁጠር ጀመረ! ኤክስኤምኤሉን ማንም አልነካውም፣ ጊቱ (የኮድ ለውጥ መዝገባችን) ይመሰክራል። ሌላም ልጨምር፣ ተናድጄ ኔም እያልኩ በስም ልስጠው ብል ስፕሪንግ 6.1 ላይ የፓራሜትሩን ስም አላገኘሁም አለኝ፣ የድሮው ቨርዥን ላይ ያለ ሌላ ፕሮጀክታችን ግን በስም ይቀበላል።»
ግራ የገባት፣ ከፒያሳ

እህቴ ኤክስኤምኤሉን ማንም ስላልነካው ነው የተበላሸው። የጃቫውን ክላስ ጊት ላይ ተመልከቺ፣ አንዱ የቡድናችሁ ልጅ የወርና የቀንን ቦታ አቀያይሮታል ብዬ እወራረዳለሁ። ጃቫ ውስጥ ኮንስትራክተሩን የሚጠሩትን ቦታዎች አይዲኢው (ኮድ መጻፊያው ፕሮግራም) ራሱ አስተካክሎለታል፣ ኮምፓይል ሲያደርገው ምንም አላለም፣ ኮሚት አድርጎ ምሳ ወጣ። ኤክስኤምኤሉ ላይ ግን ሶስቱ ቁጥሮች በድሮው ተራ ቀሩ፣ 11 ቀን ሆነ 1 ወር ሆነ፣ አንደኛው ወር መስከረም ነው። ሶስቱም ኢንት ስለሆኑ ስፕሪንግ ሊጠረጥር አይችልም፣ 11ኛ ወር ያለው ቀን ይሁን 11ኛ ቀን ያለው ወር እሱ ምን አገባው።

ተራውን ማስረገጥ ከፈለግሽ ኢንዴክስ የሚል አትሪቢውት አለ፣ ከ0 ነው የሚጀምረው ከ1 አይደለም፣ ግን እውነት ለመናገር እሱም ያንቺን ችግር አይፈታም ምክንያቱም ኢንዴክስ 1 ድሮ ወር ነበር አሁን ቀን ነው። የሚፈታው በስም መስጠቱ ነው፣ ያሰብሽው ልክ ነው። እምቢ ያለሽ በዚህ ነው፦ ጃቫ ኮምፓይል ሲያደርግ የፓራሜትር ስም በዲፎልት አያስቀምጥም። የድሮው ስፕሪንግ ክላስ ፋይሉ ውስጥ ያለውን የዲበግ መረጃ እየፈለፈለ ስሙን ያወጣ ነበር፣ 6.1 ላይ ያንን መንገድ አወጡት። አሁን ኮምፓይለሩ ላይ ሰረዝ ፓራሜተርስ የሚለውን ኦፕሽን መጨመር ግድ ነው። ፕሮጀክቱን የምትገነቡት በሜቨን ከሆነ ኮምፓይለር ፕለጊኑ ላይ ፓራሜተርስ ትሩ በይው፣ የስፕሪንግ ቡትን ፓረንት ፖም (ዝግጁ የሜቨን ማዋቀሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ እሱ ቀድሞ ያደርገዋል። ካልሆነም ኮንስትራክተሩ ላይ ኮንስትራክተርፕሮፐርቲስ የሚል አኖቴሽን ለጥፈሽ ስሞቹን ራስሽ መጻፍ ትችያለሽ።

ታይፕ የሚለውም አትሪቢውት አለ፣ እሱ የሚጠቅመው ለሌላ ነው። ለምሳሌ የቫት ክላስ አለሽ እንበል፣ አንዱ ኮንስትራክተር ኢንት ይቀበላል፣ ፐርሰንቱን፣ ሌላው ስትሪንግ ይቀበላል፣ ኮዱን። ኤክስኤምኤል ላይ 15 ብለሽ ስትጽፊ ለፋይሉ ያ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥር ይሁን ኮድ አያውቅም፣ ያላሰብሽውን ኮንስትራክተር ሊመርጥልሽ ይችላል። ታይፕ ኢንት ካልሽው ይለያል።

እኔ ብሆን ግን ሶስት ኢንት አልሰጥም። «2017-11-01» የሚል አንድ ስትሪንግ ተቀብሎ ቀኑን የሚፈጥር ስታቲክ ሜተድ ክላሱ ላይ እጨምርና ቢኑ ላይ ፋክቶሪ-ሜተድ ብዬ ስሙን እሰጣለሁ። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ፋክቶሪ-ሜተድም አርጊውመንቱን የሚቀበለው በዛው ኮንስትራክተር-አርግ በሚለው ታግ ነው። የራሳችሁን ክላስ ከምትጠግኑ ደግሞ ጆዳ-ታይምም ስሪተን-ኤክስትራም የሚባሉት የጃቫ ላይብረሪዎች የኢትዮጵያን ካሌንደር ይዘዋል፣ ጃቫ ራሱ ውስጥ የታይላንድም የጃፓንም የሂጅራም ሲኖር የኛ የለም፣ ጳጉሜን ማን ይሸከማል ብለው ይሆናል።

«አራት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ፕሮጀክት ላይ የትዕዛዝ ክላስ በኮንስትራክተሩ የክፍያ ክላስ ይፈልጋል፣ ክፍያ ደግሞ ትዕዛዝን ይፈልጋል፣ ሲነሳ ቢን ከረንትሊ ኢን ክሪኤሽን የሚል ኤክሴፕሽን ይሰጠኛል። አስተማሪያችን ሴተር (ኦብጀክቱ ከተፈጠረ በኋላ የሚሞላበት ሜተድ) አድርጉት አለ፣ ጓደኛዬ ሌዚ ፕሮክሲ አድርገው አለኝ። የቱ ነው ልክ?»
ዙሪያ ጥምጥም፣ ከአራት ኪሎ

ሁለቱም ይሰራሉ፣ ሁለቱንም አልወድም።

ታክሲዎቹ ሁለት ሆኑ በለው፣ የአንዱ ሾፌር የሌላው ተሳፋሪ ነው፣ ሁለቱም ካልሞላን አንነሳም ብለው ቆመዋል። ሴተር ሲሆን የሚሰራው ስፕሪንግ መጀመሪያ ኦብጀክቱን ባዶውን ፈጥሮ፣ ገና ሳይሞላ ለሌላው ማሳየት ስለሚችል ነው። በኮንስትራክተር ግን ባዶውን መፍጠር የሚባል ነገር ስለሌለ ይጣበቃል። ሌዚ ፕሮክሲ ደግሞ አንዱ ታክሲ ውስጥ ጃኬት ያስቀምጣል፣ ይነሳሉ፣ ፕሮጀክትህም ማርክ ያገኛል።

ግን ክፍያ ከትዕዛዝ የሚፈልገው ምንድን ነው? ኮዱን አላየሁትም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ትዕዛዙ ተከፍሏል» ብሎ ማሳወቅ ነው፣ ወይ ጠቅላላ ሂሳቡን መጠየቅ። ሂሳቡን የሚያሰላውን ነገር አውጥተህ ሶስተኛ ክላስ አድርገው፣ ሁለቱም እሱን በኮንስትራክተር ይውሰዱ፣ ክቡ ራሱ ይፈታል። ስፕሪንግ ቡት ከ2.6 ጀምሮ በሴተር የተሰራውንም ክብ በዲፎልት ከልክሏል፣ ሴተር ብለህ ብታልፈውም ስራ ስትቀጠር ይጠብቅሃል። አስተማሪህን ግን እንደኔ አድርገህ እንዳትመልስለት፣ ሴተሩን ሰርተህ ሶስተኛውን ክላስ እንደ ጥያቄ አንሳለት።

«ለተከበሩ አዘጋጅ። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ መስሪያ ቤት የአይቲ ኃላፊ ነኝ፣ ኮድ መጻፍ ካቆምኩ ቆይቻለሁ ግን አነባለሁ። ልጆቹ አንድ ከውጭ ሲስተም ጋር የሚያገናኝ ቢን ላይ ሌዚ ፕሮክሲ አደረጉ። አንዳንዱ ሜተድ በትክክል ይሰራል፣ አንዱ ግን ናል ፖይንተር (ባዶ ነገር ተጠራ የሚል ስህተት) ይሰጣል፣ በኮንስትራክተር የተሰጠው የሰርቨር አድራሻ ናል ነው ይላሉ። ኤክስኤምኤሉ ላይ አድራሻው አለ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በዚያ ላይ ዲበግ ሲያደርጉት ፕሮክሲው ሌዚነቱን ትቶ ወዲያው ይነሳል፣ ሲያቆሙት አይነሳም። ልጆቹ ኤክስኤምኤል ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ነው፣ እንቀይረው ይሉኛል።»
አንባቢያችሁ፣ ከሜክሲኮ

ጋሼ፣ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ልጆቹን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፣ ናል የሚሰጠው ሜተድ ላይ ፋይናል የሚል ቃል አለ ወይ ይበሏቸው።

ለካዛንቺሱ ልጅ እንደነገርኩት ሲጂሊብ የክላሱን ልጅ ነው የሚወልደው። ልጁ የአባቱን ሜተዶች እየተካ ጥሪውን ወደ እውነተኛው ኦብጀክት ያስተላልፋል። ፋይናል የተባለን ሜተድ ግን ጃቫ መተካት አይፈቅድም፣ ስለዚህ ያ ሜተድ የሚሮጠው እዛው ጃኬቱ ላይ ነው። ጃኬቱ ደግሞ ከስፕሪንግ 4.0 ወዲህ ኮንስትራክተሩ ሳይጠራ፣ ኦብጀነሲስ በሚባል ላይብረሪ ነው የሚፈጠረው፣ ፊልዶቹ ሁሉ ናል ናቸው። ኤክስኤምኤሉ ላይ ያዩት አድራሻ የደረሰው ለእውነተኛው ኦብጀክት ነው፣ እሱም ትክክል ነው፣ የተጠየቀው ግን ሌላው ነው። ፊልዱን በቀጥታ በነጥብ የሚያነብ ኮድ ካለም እንደዛው ናል ያገኛል። ፋይናሉን ያንሱት፣ ወይም ኢንተርፌስ አውጥተው በጃቫው ፕሮክሲ ይስሩት፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ፕሮክሲ የሚሰራውን የስፕሪንግ ክፍል፣ የኤኦፒን ሎግ ዲበግ ደረጃ ላይ ቢያደርጉት ይሄን ፋይናል ሜተድ ፕሮክሲ ማድረግ አልቻልኩም ብሎ ራሱ ይነግራቸዋል። ኮትሊን (የጃቫ ዘመድ የሆነ ቋንቋ) የሚጽፍ ልጅ ካለ ደግሞ እዛ ክላሱም ሜተዱም ካልከፈቱት በስተቀር ፋይናል እንደሆነ ያስታውሱት።

የዲበገሩ ነገር ያስቃል። አይዲኢው ቫሪያብሉን ስክሪን ላይ ለማሳየት ቱስትሪንግ የሚለውን ሜተድ ይጠራል፣ ፕሮክሲው ደግሞ ቱስትሪንግንም እንደማንኛውም ጥሪ ወደ እውነተኛው ያስተላልፋል፣ ለማስተላለፍ መፍጠር አለበት። ማየቱ ራሱ ነው የሚቀሰቅሰው። ሎግ ላይ ኦብጀክቱን የሚያትም መስመር ካለም ያው ስለሆነ ሌዚ የተባለው ነገር ከሎግ የተነሳ ማለዳ ሲነሳ ከርሞ ሊሆን ይችላል፣ ይታይ።

ኤክስኤምኤል ይቀየር ለሚሉት፣ ስፕሪንግ 1.0 በ2004 ሲወጣ ሁሉም ነገር ኤክስኤምኤል ነበር፣ በ2009 መጨረሻ 3.0 ላይ በጃቫ ክላስ ማዋቀር መጣ፣ አዲስ ፕሮጀክት ዛሬ የሚጀምር ሰው ኤክስኤምኤል ቢመርጥ እኔም ለምን እላለሁ። የተሻለ ነው፣ ከላይ የፒያሳዋ እህታችን የደረሰባት የተራ መቀያየር በጃቫ ቢሆን አይዲኢው አብሮ ያስተካክልላት ነበር። ነገር ግን የእርስዎ ናል ከኤክስኤምኤል ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ነገ ሁሉንም ወደ አኖቴሽን ቀይረው አት-ሌዚ ቢሉት ያው ፋይናል ሜተድ ያው ናል ይሰጣቸዋል። መጀመሪያ ፋይናሉን ያንሱ፣ ከዛ በጀት ከፈቀደ ስለመቀየሩ ይነጋገሩ። ልጆቹ እምቢ ካሉ ሌላ አማራጭም አለ፣ ኦብጀክትፋክቶሪክሪኤቲንግፋክቶሪቢን የሚባል፣ ስሙ ምላስ ያዝላል፣ ፕሮክሲ ሳይሆን ኦብጀክትፋክቶሪ የሚባል ትንሽ ነገር በኮንስትራክተር ይሰጣል፣ ኮዱ ሲፈልግ ጌትኦብጀክት ብሎ ይጠይቃል። የሚያገናኘው ቢን መቼ እንደሚነሳ ኮዱን ሲያነቡት ይታይዎታል፣ እርስዎም እንዳሉት ማንበቡን አላቆሙም።